የተቀበረው ብዕርና የሚጓዘው ትምህርት ቤት

በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ፣ ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ካራሞጃ የሚባል ደረቅ አገር አለ። ነዋሪዎቹ ከጥንት ጀምሮ ከብት አርቢዎች ናቸው። በእነርሱ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ታሪክ አለ። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ሹማምንት ወደ መንደሩ ይመጡና የወጣቶችን ስም በብዕር ይጽፉ ነበር ይባላል። ስማቸው የተጻፈው ወጣቶች ወደ ጦር ሜዳ ተወሰዱ፤ ብዙዎቹም ሳይመለሱ ቀሩ። የከብቱም ቁጥር በዚያው ብዕር ተጽፎ ግብር ሆኖ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩ። ብዕሩን ረገሙት፤ መሬት ቆፍረውም ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው የአባቶችን እርግማን እንደ ደፈረ ይቆጠር ነበር።

በ1995 የካራሞጃ ሽማግሌዎች ዳግመኛ ተሰበሰቡ። በባህላቸው ሥርዐት መሠረት ብዕሩን ከተቀበረበት አወጡት፤ እርግማኑንም አነሡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «አርብቶ አደሩ ትምህርትን ይጠላል» ለማለት ነው። ነገሩን ረጋ ብሎ ለመረመረው ግን የሚመሰክረው ሌላ ነው። የካራሞጃ ሽማግሌዎች የቀበሩት ዕውቀትን አልነበረም። የቀበሩት መጥቶ የሚወስድ፣ ወስዶም የማይመልስ መሣሪያን ነው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የተፈራረቁት መንግሥታት የአርብቶ አደሩን ልጅ ለማስተማር ብዙ ደክመዋል፤ ገንዘብም አውጥተዋል። ሙከራቸው መቼ እንደ ሠመረና መቼ እንደ ከሸፈ ለመረዳት ከዚህ ብዕር መነሣት ይበጃል።

ተማሪው ይዞር በነበረ ጊዜ

ለደጋው አንባቢ መንገደኛ ተማሪ እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ሲዞር ኖሯል። በየደረሰበት ጎጆ ቀልሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጥ ነበር። ከወላጁ ቤት ርቆ ያልወጣ ተማሪ ዕውቀቱ እንደ ጎደለ ይታይ ነበር እንጂ እንደ ጨዋ አይቆጠርም ነበር። የወሎ ደረሳም እንዲሁ ከአንዱ ሼኽ ወደ ሌላው፣ ከዳና ወደ ጌታ፣ ኪታቡን ይዞ ሲጓዝ ኖሯል።

ወደ ቆላው ስንወርድ ጉዞው አለ፤ ተጓዡ ግን ይለወጣል። በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ የሚጓዘው መምህሩ ነው። የቁርኣን አስተማሪው ከቤተሰቦቹ ጋር አብሮ ይሰፍራል፤ አብሮም ይነሣል። ልጆቹ ማለዳ ወይም ማታ፣ እንስሳቱ በሌሉበት ሰዓት፣ በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠው በእንጨት ሉሕ ላይ ይጽፋሉ። ደመወዙ ፍየል ወይም በግ ነው። ለዚህ ትምህርት ቤት ሕንፃ አላስፈለገውም፤ በጀትም አልተያዘለትም። ሆኖም ለዘመናት ሳይቋረጥ ልጆችን ፊደል አስቆጥሯል።

እንግዲህ በአካባቢያችን ታሪክ መጓዝና መማር ጠላቶች አልነበሩም። ጠላትነቱ የመጣው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር ነው። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት አብረው የገቡት አዲስ የትምህርት ዓይነቶች ብቻ አልነበሩም። የማይንቀሳቀስ ሕንፃ፣ ሰዓት የሚቆጥር ደወል፣ የቀረውን የሚመዘግብ መዝገብም አብረው ገቡ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶችም ያው ነበር። ይህ ሥርዐት ቋሚ ሰፈር ላለው ሕዝብ ተስማምቶታል። ዝናብን ተከትሎ ለሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ግን ትርጉሙ አንድ ነበር፦ ልጅህን ስጠን፤ አንተ ሂድ።

ዝናብ ለሚዘንብበት አገር የተመደበ ገንዘብ

ቅኝ ገዥዎቹ በአርብቶ አደሩ ምድር ትምህርትን ለማስፋፋት ብዙም አልተጣደፉም። የኬንያ ሰሜናዊ ድንበር አውራጃ የይለፍ ፈቃድ ሳይኖር የማይገባበት ዝግ አገር ነበር። ካራሞጃም እንዲሁ። መንግሥት በዚያ የሚታወቀው በጠረፍ ጠባቂው እንጂ በመምህሩ አልነበረም።

ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ በሲሚዮን ኦሚንዴ የተመራው የትምህርት ኮሚሽን በ1964 ጉዳዩን አነሣ፤ ለአርብቶ አደሩ አካባቢ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩም ሐሳብ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ግን የመንግሥቱን የኢኮኖሚ አቅጣጫ የወሰነው ታዋቂው የፖሊሲ ሰነድ ቁጥር 10 ወጣ። ሰነዱ ነገሩን ሳይሸፋፍን ተናግሮታል። ውስን የሆነው የልማት ገንዘብ ፈጥኖ ፍሬ ወደሚያፈራበት፣ ማለትም ለም መሬት፣ በቂ ዝናብና መንገድ ወዳለበት አካባቢ ይሂድ፤ ከዚያ የሚገኘው ትርፍ በኋላ ለሌላው ይዳረሳል የሚል ነበር። ከኬንያ የቆዳ ስፋት ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆነው ደረቅና ከፊል ደረቅ መሬት በዚህ ስሌት ወረፋ ጠባቂ ሆነ። ወረፋው ለአርባ ዓመታት ያህል ሳይደርሰው ቆየ።

ድጋፍ ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። በ1971 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ በደረቅ አካባቢ ለሚኖሩ ልጆች የትምህርት ክፍያ ቀረ። በ1974 ደግሞ በመላ አገሪቱ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ክፍያው ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ «የሕንፃ ማሠሪያ» የሚባል መዋጮ በየትምህርት ቤቱ ስለ ተጣለ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው እጅ ተወሰደ። ርካሽ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም ተሠሩ። በአንዳንዶቹ አልጋዎቹን የሞሏቸው ግን የአርብቶ አደር ልጆች አልነበሩም፤ ከሌላ አካባቢ የመጡ ልጆች ነበሩ።

አርብቶ አደሩ ልጁን ለአዳሪ ትምህርት ቤት ያልሰጠው ለምን ነበር? ምክንያቱ ከአኗኗሩ የመነጨ ነው። የቦረናን ቤተሰብ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆቹ በመንደሩ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እነዚህን «ዋራ» ይሏቸዋል። የቀሩት ከብቶች ወደ ሩቅ ግጦሽ ይወሰዳሉ፤ እነርሱ «ፎራ» ናቸው። ትንሹ ልጅ ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ከፍ ያለው ፎራ ይወርዳል፤ ሴቷ ልጅ ውኃ ትቀዳለች፤ በበጋ የውኃው መንገድ ይረዝማል። እያንዳንዱ እጅ በቦታው የተቆጠረ ነው። ከዚህም በላይ ልጁ የሣሩን ዓይነት፣ የጉድጓዱን ተራ፣ የከብቱን በሽታ የሚማረው በዚሁ ዕድሜው ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ስምንተኛ ክፍልን ቢወድቅ ለከተማውም ለከብቱም የማይሆን ሰው ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች ከልጆቻቸው አንዱን ለትምህርት ሰጥተው የቀሩትን ከመንጋው ጋር ያስቀሩ ነበር። ይህ ትምህርትን መጥላት አይደለም፤ አደጋን ማከፋፈል ነው።

የ1974 ዘመቻዎች

1974 በአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። በሁለት ጎረቤት አገሮች ሁለት ወታደራዊ መንግሥታት ተማሪዎችን ወደ ገጠር አዘመቱ።

ሶማሊያ በጥቅምት 1972 ቋንቋዋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ወስና ነበር። በነሐሴ 1974 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ወደ 25,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ አርብቶ አደሩ ዘንድ ተላኩ። ሐሳቡ በአካባቢያችን ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። የከተማው ልጅ ጥቁር ሰሌዳውን ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ይሰፍራል፤ ከእነርሱ ጋር ይበላል፤ ሲነሡም አብሮ ይነሣል። መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የቁርኣን አስተማሪውን መንገድ ተከተለ። የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎችም አብረው ዘመቱ።

ይሁን እንጂ በዚያው ወቅት «ደባዴር» ተብሎ የሚታወሰው ረጅም ድርቅ ደረሰ። የፊደል ዘመቻው ወደ ሕይወት ማዳን ዘመቻ ተለወጠ፤ ተማሪዎቹም በመጠለያ ጣቢያ እህል አከፋፋዮች ሆኑ። በ1975 መንግሥት በሶቪየት አውሮፕላኖችና በጭነት መኪናዎች ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ አርብቶ አደሮችን ወደ ደቡብ አጓጉዞ በእርሻና በዓሣ ማስገሪያ ሰፈሮች አሰፈረ። ብዙ ወንዶች ድርቁ ሲያልፍ ጥቂት እንስሳት ገዝተው ወደ ቀደመ ኑሯቸው ተመለሱ። በጉዞ የጀመረው ትምህርት በማስፈር ተጠናቀቀ።

በኢትዮጵያ የእድገት በኅብረት ዘመቻ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ሲጀመር ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከዚያ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። «የተማረ ያስተምር፤ ያልተማረ ይማር» የሚለው ጥሪ በየቀበሌው ተስተጋባ። ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ አፋርኛ፣ ሶማሊኛና ሳሆም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። እነዚህ ቋንቋዎች የመንግሥት ማስተማሪያ መሆናቸው ትልቅ እርምጃ ነበር። የዘመቻው መዋቅር ግን በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ ላይ የቆመ ነበር። ቀበሌ ቋሚ ቤት ይፈልጋል። የአፋሩ ልጅ ቋንቋው ወደ መጽሐፍ ገባለት፤ የመጽሐፉ መንገድ ግን ወደ እርሱ ሰፈር አልደረሰም።

አጭር ትምህርት ለድሃ ልጅ?

ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ የሆነ ሌላ ነገር ለርእሳችን ብዙ ያስተምራል። ከ1971 እስከ 1972 የተካሄደው የትምህርት ሴክተር ግምገማ የአገሪቱ ትምህርት ለጥቂት የከተማ ልጆች ብቻ እንደ ደረሰ አሳየ፤ መፍትሔውም ለብዙኃኑ የገጠር ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስ ነው አለ። ስሌቱ ቅንነት አልጎደለውም። ነገር ግን በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሰነዱ በይፋ ሲታወቅ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችም ተቃወሙ። «የእኛ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የሀብታሙ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ ማለት ነው» ብለው ተረዱት። መንግሥት እቅዱን አገደ። ይህ ቁጣ ለየካቲቱ አብዮት መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ነበር።

ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አልሞተም። ለተጎዳው ልጅ የሚሰጠው የተለየ ድጋፍ ወደ ሌላው ልጅ ደረጃ የሚያደርሰው መሰላል ነው ወይስ በዝቅተኛ እርከን ላይ የሚያስቀረው አጥር?

ከዛፍ ሥር

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ፤ የትምህርት አስተዳደሩንም ለክልሎች አከፋፈለ። ቀድሞ «ዘላን» ይባል የነበረው ሕዝብ በመንግሥት ጽሑፍ «አርብቶ አደር» መባል ጀመረ። የስም ለውጡ ቀላል አይደለም። «ዘላን» መኖሪያ የሌለውን ተቅበዝባዥ ያመለክታል፤ «አርብቶ አደር» ግን ሥራ ያለውን ሰው ይጠራል። ሥራ እንዳለው የታመነለት ሰው ልጅ ለምን ከክፍል እንደሚቀር መጠየቅ ይቻላል።

ቁጥሩ ግን ስሙን ፈጥኖ አልተከተለም። በ1997 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያ ደረጃ ጥቅል የትምህርት ተሳትፎ ወደ 80 ከመቶ ሲጠጋ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ከ25 ከመቶ በታች ነበር። አንድ አገር፣ አንድ ፖሊሲ፣ ሁለት ዓለም ማለት ነው።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት የተሞከረው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ነው። በመጀመሪያ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች የተጀመረው ይህ ዘዴ ኋላ በመንግሥት የትምህርት ልማት መርሐ ግብር ውስጥ ገባ። የአራት ክፍል ትምህርት በሦስት ዓመት ይጠናቀቃል። የትምህርቱን ሰዓትና ወቅት ኅብረተሰቡ ራሱ ይመርጣል። የሚያስተምሩት «አመቻች» የሚባሉ፣ ከዚያው ጎሣ የተገኙ፣ ቋንቋውንና ኑሮውን የሚያውቁ ወጣቶች ናቸው። ጣቢያው የዛፍ ጥላ ወይም ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ዳስ ሊሆን ይችላል።

የወቅቱ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ከመስከረም እስከ ሰኔ ይሠራል፤ በክረምት ይዘጋል። ይህ የደጋ ገበሬ አቆጣጠር ነው። በአፋር ዋናው ዝናብ «ካርማ» ከሐምሌ እስከ መስከረም ይዘንባል። ሣር የሚገኝበት፣ ወተት የሚበዛበት፣ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ጊዜ ይህ ነው። ልጆቹ በአንድ ቦታ በሚገኙበት በዚሁ ወራት ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። በቦረና ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት የሚዘልቀው የ«ቦና» በጋ ከብቱንና ልጁን ወደ ሩቅ የሚበትን ሲሆን፣ በትምህርት ዘመኑ እምብርት ላይ ይወድቃል። መዝገቡ «ቀሪ» ብሎ የሚጽፈው ልጅ በእውነቱ የቀረ አይደለም። ቀን መቁጠሪያው ሲወጣ እርሱ አልታሰበም። ይህን ለማረም የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገው ፈቃድ ግን ብዙ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የአርብቶ አደር ማኅበረሰብ ልማት ፕሮጀክትም በዓለም ባንክ ብድርና በመንግሥት ድጋፍ ኅብረተሰቡ ራሱ መርጦ በሚያዋጣበት መንገድ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና የውኃ ነጥብ አሠርቷል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከ1994 ጀምሮ በኢትዮጵያ ያካሄደው የትምህርት ቤት ምገባ ደግሞ በአርብቶ አደር አካባቢ ለሴት ተማሪዎች ወደ ቤት የሚወስዱት የምግብ ዘይት ይሰጥ ነበር። ውኃ ትቀዳ የነበረችው ልጅ ዘይት ይዛ ስትመለስ የቤቱ ስሌት ይለወጣል።

አሁን ወደ ካራሞጃ እንመለስ። ኡጋንዳ በ1997 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ነጻ አደረገች። በ1998፣ ብዕሩ ከጉድጓድ በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ የሞሮቶና የኮቲዶ አስተዳደሮች ከኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅት ጋር ሆነው ለካራሞጃ ብቻ የታሰበ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጀመሩ። ትምህርቱ ከብቶቹ ከበረት ሳይወጡ በማለዳና ከገቡ በኋላ በማታ ይሰጣል። ማስተማሪያው የራሳቸው ቋንቋ ንጋካሪሞጆንግ ነው። የሚማሩትም ስለ እንስሳት እርባታ፣ ስለ ሰብል፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሰላምና ጸጥታ ነው። ታናሽ ወንድሟን ያዘለች እረኛ «ሕፃኑን ቤት ጥለሽ ነዪ» አትባልም፤ ከነሕፃኑ ትቀመጣለች። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች መጡ። የተቀበረው ብዕር የወጣው በሽማግሌዎቹ ሥርዐት ቢሆንም እጅ የገባው በዚህ ዘዴ ነው።

የባሕር ማዶ ምስክር

ችግሩ የአፍሪካ ብቻ እንዳይመስለን ወደ አውሮፓ አንድ ጊዜ መመልከት ይጠቅማል። በአየርላንድ «ተጓዦች» ተብለው የሚታወቁ፣ በጋሪና በተሳቢ ቤት ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወሩ የኖሩ ማኅበረሰቦች አሉ። በ2022 ቆጠራ ቁጥራቸው 32,949 ነበር። የአየርላንድ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን በ1963 መፍትሔ ያደረገው እነርሱን አስፍሮ ከቀረው ሕዝብ ጋር ማዋሐድን ነበር። ልጆቻቸው ብዙ ጊዜ በተለየ ክፍል ይማሩ ነበር። በ1980 ግን ሌላ ዘዴ ተጀመረ። «ጎብኚ መምህር» የሚባል ባለሙያ ተሾመ፤ በቤተሰቡ ሰፈርና በትምህርት ቤቱ መካከል እየተመላለሰ ወላጁን ያነጋግራል፤ ልጁን ያስመዘግባል፤ ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሸጋገር አብሮት ይቆማል።

በ2005 መንግሥት ለተጎዱ አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች አጠቃላይ የድጋፍ መርሐ ግብር አወጣ። የተለየው አገልግሎትም ቀስ በቀስ በአጠቃላዩ ውስጥ እንዲጠቃለል ተወሰነ። ከዚያ የኢኮኖሚው ቀውስ መጣና በ2011 የጎብኚ መምህራኑ አገልግሎት ተቋረጠ። በመጋቢት 2017 ተጓዦቹ በይፋ እንደ ብሔረሰብ ዕውቅና አገኙ፤ በ2024 ደግሞ ለእነርሱና ለሮማ ልጆች የታሰበ አዲስ የትምህርት ስልት ወጣ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሀብታም አገርም ቢሆን ሕንፃ ብቻውን ልጁን አይጠራም፤ የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሚመላለሰው ሰው በጀት ሲጠብ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚቆረጠው ነው። ሕንፃ ይታያል፤ ይመረቃል። የመምህር እግር ግን አይመረቅም።

ከአራተኛ ክፍል በኋላ

ኬንያ በጥር 2003 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በነጻ ስታደርግ የተማሪው ቁጥር ከ5.9 ሚሊዮን ወደ 7.2 ሚሊዮን ገደማ አሻቀበ። ሰሜኑ ግን ያኔም ወደ ኋላ ቀረ፤ ክፍያ መቅረቱ ትምህርት ቤት ለሌለበት አገር ትርጉም አልነበረውምና። በ2008 የሰሜን ኬንያና የደረቅ መሬቶች ልማት ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ2009 የአርብቶ አደር ትምህርት ፖሊሲ ወጣ። በ2013ቱ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግም ብሔራዊ የአርብቶ አደር ትምህርት ምክር ቤት ተመሠረተ። ጥቁር ሰሌዳውን በግመል ጭኖ ከቤተሰቦች ጋር የሚነሣው መምህር በሕግ ፊት መምህር ሆነ። የቁርኣን አስተማሪው ለዘመናት ያወቀውን መንግሥት በሕግ ለማወቅ ከነጻነት በኋላ ሃምሳ ዓመት ፈጀበት።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ከዛፍ ሥር የተጀመረው ትምህርት፣ በአፋርም ሆነ በካራሞጃ፣ የሚገጥመው አንድ ግድግዳ አለ። አማራጩ ትምህርት ይጠናቀቃል፤ ቀጣዩ ክፍል ያለው በወረዳው ከተማ ነው። እዚያ ደወሉ አለ፤ መዝገቡ አለ፤ የደንብ ልብስ መግዣ አለ። ማደሪያ ግን የለም። ከአመቻቹ ጋር ሦስት ዓመት በቋንቋዋ የተማረችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዘመድ በሌለበት ከተማ ብቻዋን እንድትቀመጥ ወላጆቿ አይፈቅዱም። ለልጃቸው የሚያስፈራቸውንም ያውቃሉ። በካራሞጃ ከአማራጩ ትምህርት ወደ መደበኛው የተሻገሩት ከገቡት ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸው የመርሐ ግብሩ ዋነኛ ድክመት ሆኖ ሲነገር ኖሯል። በኢትዮጵያም አመቻቹ ዝቅተኛ ደመወዝ እየተከፈለው፣ ሥልጠናው አጭር ሆኖ፣ ከመደበኛው መምህር በታች ተቆጥሮ ሲሠራ ቆይቷል። በ1966 ዓ.ም. ወላጆች የፈሩት ይህንን ነበር፦ ለድሃው ልጅ አራት ክፍል፣ ከዚያ በኋላ ምንም።

ይህን ስንል አማራጩ ትምህርት ይቅር ማለታችን አይደለም። ያለ እርሱ እነዚህ ልጆች አንደኛ ክፍልንም አያዩም ነበር። የምንለው የሚጓዘው ትምህርት ቤት መንገዱ መሀል ላይ ሊቆም አይገባም ነው። በወረዳው ከተማ በአካባቢው እናቶች የሚጠበቅ አነስተኛ ማደሪያ፣ ለአመቻቹ ወደ መደበኛ መምህርነት የሚያድግበት ሥልጠና፣ ድርቅ ሲመጣ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ሲሰደድ በደረሰበት ሁሉ የሚቀበለው የተማሪ መታወቂያ፣ ለካርማና ለቦና የተስማማ የትምህርት ዘመን፤ እነዚህ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ የሚበልጥ ወጪ አይጠይቁም። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረና፣ በሶማሌ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ባዶ ቀርተዋል። ሕንፃዎቹ በቦታቸው ቆመው ነበር፤ የሄዱት ልጆቹ ናቸው። ልጅ ሲሄድ አብሮ መሄድ የማይችል ድጋፍ ለአርብቶ አደር ልጅ የተሰጠ ድጋፍ ነው ለማለት ያዳግታል።

የካራሞጃ ሽማግሌዎች ብዕሩን ሲያወጡ እርቅ ፈጽመዋል። እርቅ ደግሞ በእኛም ባህል እንደሚታወቀው ካሣ አለው፤ ሁለቱም ወገን የሚያደርገው ነገር አለ። እነርሱ የበኩላቸውን አድርገዋል፤ ልጃቸውን ሰጥተዋል። የመንግሥታቱ ድርሻ ስሙ በመዝገብ የተጻፈው ልጅ ተወስዶ የማይቀር፣ ወደ ወላጁ በረት ሲመለስም ያወቀ ሆኖ የሚመለስ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ብዕሩ ዳግመኛ እንዳይቀበር የሚያደርገው ይህ ብቻ ነው።